አጀንዳው ያልተጻፈበት ስብሰባ

የአምቦ ሰው የኤቢሴ ዓብዲሳን አረማመድ ከሩቅ ይለየዋል። ፋይል በክንዷ አቅፋ፣ እርሳስ በሹሩባዋ ውስጥ ሰክታ፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው ቢሮ ግቢውን ስታቋርጥ፣ ሩጫ እንዳይባል ፍጥነቱ የሚያንስ፣ እርምጃ እንዳይባል የሚበዛ አካሄድ ነበራት። የግቢው ጥበቃ ኦቦ ጂራ ከበሩ ብቅ ብለው፣ "አዴ ኤቢሴ! እሳት የተነሣው የት ነው?" ይሏታል። እርሷም ሳትቆም፣ "እርስዎ ቤት ነው ኦቦ ጂራ፤ ሮጠው ያጥፉ!" ብላ ታልፋቸዋለች።

ኤቢሴ የሸነን አገር ልጅ ናት። አባቷ መምህር ዓብዲሳ ወንጌላዊ አማኝ፣ ቃል አክባሪና ቃል አስከባሪ ሰው ነበሩና በቤታቸው መሐላ አይሰማም፤ አዎ ከተባለ አዎ፣ አይደለም ከተባለም አይደለም ነው። ልጅቱ በዚህ ሥርዓት ታንጻ አደገች። በ1985 ዓ.ም. በአምቦ ከሚገኙት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንደኛው በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ስትቀጠር፣ የቢሮው ቋንቋ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ፊደሉም ቁቤ ወደሚባለው የላቲን ፊደል የተሻገረበት ወቅት ነበር።

ያ ሽግግር የኃላፊውን ጸሐፊ ብርቅነሽን ክፉኛ ናጣት። ብርቅነሽ፣ አያቶቿ ከመሐል ሸዋ መጥተው አምቦ ከሰፈሩ የኦርቶዶክስ ቤተ ሰብ የተወለደች የከተማ ልጅ ናት። ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ብትለምደውም ጽፋው አታውቅም። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ስመ ጥር የነበረችው ሴት፣ አንዲት የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ከጠዋት እስከ ምሳ የምትፈጅባት ሆነች። "ኤቢሴ፣ በሠላሳ ዓመቴ መሃይም ሆንኩ እኮ!" ብላ አንድ ቀን አለቀሰች። ኤቢሴ በክረምት ኮርስ የተማረችውን ቁቤ በምሳ ሰዓት እየተቀመጠች አርባ ቀን አስተማረቻት። ከዚያ ወዲህ የአንዷ ልጅ ሲታመም ሌላዋ ፈቃድ የምትወስድ፣ የአንዷን ኩርፊያ ሌላዋ የምትፈታ ባልንጀሮች ሆነው ኖሩ።

በ2001 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ብርቅነሽ ወደ መዝገብ ቤቱ ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን ማይልኝ።"

"እኔ እንደማልምል ታውቂያለሽ። ቃሌን ግን እሰጥሻለሁ።"

"ያንቺ ቃል ይበቃኛል።" ብርቅነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በግራ ጡቷ ጎን እጇን አሳረፈች። "እዚህ ጋ ሽምብራ የምታክል ነገር አለች። ከመስቀል ወዲህ ናት። አታመኝም፤ ካላመመችኝ ደግሞ ምንም አይደለችም። ብቻዬን ይዣት ከምዞር ብዬ ነው የነገርኩሽ።"

የኤቢሴ ታላቅ እህት ድንቅቱ፣ ከስድስት ዓመት በፊት በሸነን፣ ይህንኑ ቃል በዚሁ ድምፅ ብላት ነበር፤ አላመመኝም። ድንቅቱ እብጠቷን በነጠላ ቁራጭ አስራ፣ አውድማ ላይ ውላ፣ ለጎረቤት ሠርግ ጠላ ጠምቃ፣ ሕመሙ የመጣ ዕለት ግን ሐኪሞቹ አንገታቸውን ደፉ። አስከሬኗንም ኤቢሴ በገዛ እጇ አጥባ ገንዛለች።

"ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንሂድ!" አለች።

"አብደሻል? ምደባው ደርሶ?"

ምደባ የተባለው የዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ጭንቅ ነበር። የሥራ ሂደቱ እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ እንደ አዲስ ተመዝኖ ከአንድ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ መደብ ያጣ ደግሞ "ተንሳፋፊ" ይባላል። ቃሉ በየቢሮው እንደ በሽታ ስም በሹክሹክታ ይጠራ ነበር።

"የታመመች ጸሐፊ ማን ይመድባል? ሦስት ልጆች አሉኝ። የባሌ የዘገየ ወፍጮ ከቆመ ዓመት አለፈው፤ ቤቱ የቆመው በእኔ ደመወዝ ነው። ምደባው ይውጣና እሄዳለሁ።"

"መቼ ነው የሚወጣው?"

"እግዜር ያውቃል። ለሰው ትንፍሽ ብትዪ ግን ኤቢሴ፣ አንቺና እኔ ተለያየን!"

ኤቢሴ ያን ሳምንት እህል በአፏ አልዞረም። ቃሏን ብታፈርስ የአባቷ ልጅ አይደለችም፤ ቃሏን ብትጠብቅ ባልንጀራዋን እንደ እህቷ ልትቀብር ነው። በአምስተኛው ቀን ግን ከመደርደሪያዎቹ መካከል ብድግ ብላ ቆመች። ስለ ብርቅነሽ ለማንም ላትናገር ቃል ገብታለች እንጂ፣ ስለ በሽታው ለሁሉም ላትናገር ቃል አልገባችም! ፋይል እንኳ ሳትይዝ ግቢውን አቋርጣ ወደ ኃላፊው ወደ ኦቦ ሙለታ ቢሮ ገሠገሠች።

"ሠራተኛው ሁሉ የሚገኝበት የአንድ ሰዓት ስብሰባ እንዲፈቅዱልኝ ነው።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ጡት ካንሰር።"

ኦቦ ሙለታ ጨዋና ዓይነ አፋር ሰው ነበሩ። ተነሥተው በሩ መዘጋቱን አረጋገጡ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ።

"አዴ ኤቢሴ፣ ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።"

"አዎ፤ ስድሳ ሁለት ሴቶች የሚሠሩበት።"

"ወንዶችም አሉ እኮ!"

"ወንዶቹስ እናት፣ ሚስት፣ እህት የላቸውም? እኔ እህቴን የቀበርኩት ማንም በጊዜው አፉን ከፍቶ ስላልነገራት ነው። ከጤና ጣቢያ ሲስተር ለንሳ መጥታ ልታስረዳን ፈቃደኛ ናት። አንድ ሰዓት ብቻ።"

ኃላፊው የእህቷን ሞት ሲሰሙ እምቢ ማለት አቃታቸው። ወረቀት ስበው ማስታወቂያውን በገዛ እጃቸው ጻፉ፦ አስቸኳይ ስብሰባ፤ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ በየወረዳው ያሉት ባልደረቦች ጭምር ሁሉም ሠራተኛ አንድም ሳይቀር እንዲገኝ፤ አጀንዳ... እዚህ ላይ ብዕራቸው ቆመ። ያን ቃል ከፊርማቸው በላይ መጻፍ ሊሆንላቸው አልቻለም። አንድ ጊዜ ጣራውን፣ አንድ ጊዜ ኤቢሴን አዩ፤ በመጨረሻም ቦታውን ባዶ ትተው ፈረሙ።

እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ጭንቅ መካከል፣ አጀንዳ ያልተጻፈበት አስቸኳይ ስብሰባ ምን እንደሚያስከትል የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ማስታወቂያው በተለጠፈ በግማሽ ሰዓት ወሬው ግቢውን ሞላ፤ ምደባው ወጥቷል! በስልክ እጃጂ ገባ፤ ከእጃጂ ሸነን ተሻገረ። የሕመም ፈቃድ ላይ የነበሩ በአንድ ቀን ዳኑ። አራት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ኮታቸውን አስተኮሱ። ከጭልሞ የደን ሠራተኞቹ ከነጭቃ ቦቲያቸው በአይሱዙ የጭነት መኪና ተጭነው መጡ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ የተረፈው ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነበር።

የሰው ኃይል ባልደረባው ተሬፋ፣ ቀልዱ የታወቀ ሰው፣ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ፣ "ዝርዝሩን አይቼዋለሁ፤ ኦቦ ጂራ ምክትል ኃላፊ ሆነዋል!" አለ።

"አንተ ደግሞ በእኔ ቦታ በር ላይ ተመድበሃል። ዱላውን እንዴት እንደምትይዝ ስብሰባው ሲያልቅ አሳይሃለሁ" አሉ ኦቦ ጂራ።

ሣቁ ገና ሳይበርድ ኦቦ ሙለታ ገቡ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ ደነገጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የዛሬው ጉዳይ... የጤና ጉዳይ ነው" አሉ።

"የማን ጤና?" አለ አንዱ ከኋላ።

ኤቢሴ ከወንበሯ ተነሣች። "የእናቶቻችሁ፣ የሚስቶቻችሁ፣ የእህቶቻችሁ፣ የእኛም ጤና! ስለ ጡት ካንሰር ነው የምንነጋገረው" አለች፤ ቃሉንም እንደ ስም ጥሪ ጥርት አድርጋ ጠራችው።

አዳራሹ ፈነዳ። "ምደባውስ?" "ለዚህ ነው ከሸነን ድረስ ያስጠራችሁን?" "ሴቶቹ ለብቻቸው አይነጋገሩም?" ከኋላ ያሉት ለመውጣት ተንጋጉ።

"ኦቦ ጂራ! በሩን!" ብላ ጮኸች ኤቢሴ።

ሽማግሌው በሩን ጠርቅመው ዱላቸውን አግድም ያዙ። "አንድ ሰዓት ተብሏል፤ አንድ ሰዓት ነው! ምደባ ሲሆን ሦስት ሰዓት ትቀመጡ አልነበረም?"

ሰው እያጉረመረመ ተቀመጠ። ኤቢሴም የእህቷን የድንቅቱን ነገር ተናገረች። አላስረዘመችውም። አላመመኝም ማለቷን፣ ነጠላውን፣ አውድማውን፣ ከዚያም ጉንጯ የተቦረቦረ ሴት እንዴት አድርጋ እንዳጠበች ነገረቻቸው። ጸሐፊዋ ብርቅነሽ በመድረኩ ጎን ከቃለ ጉባኤ መያዣዋ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅራ ትጽፍ ነበር፤ አንድ ጊዜም ቀና አላለችም።

ሲስተር ለንሳ ወጣት ናት፤ ፍርሃት ግን የላትም። ኤቢሴ ከነጭ አቡጀዲ የሰፋቻትን፣ ጥጥ የተጠቀጠቀባትን ትንሽ ትራስ ከፍ አድርጋ አሳየች። "በዚህች ውስጥ አንዲት ሽምብራ አለች። ሦስቱን የመሐል ጣቶች አንድ ላይ ገጥማችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ዙሪያዋን ዳስሱ። ማን ያገኛታል?"

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ተሬፋ ትራሷን ተቀብሎ፣ "ሲስተር፣ ባለቤቴ ብታየኝ የምትመሰክሪልኝ አንቺ ነሽ" አለ፤ ሣቅ ሆነ። ዳሰሰ፤ ገለበጠ፤ እንደገና ዳሰሰ። "የለችም!" አለ።

"አለች" አለች ለንሳ።

ትራሷ ከእጅ ወደ እጅ ሄደች። ሰባት ሰው ፈልጎ አጣት። ከእጃጂ የመጣ አንድ ባለሙያ ሰዓቱን አይቶ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ደባበሳት። በመጨረሻ በሩ ላይ ለቆሙት ለኦቦ ጂራ ደረሰች፤ እርሳቸውም ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በትዕግሥት ዞሯት። "አገኘኋት!" ብለው ጮኹ። "ከሥር ተደብቃ! ተንኮለኛ!" አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! "ወዲህ አምጡልን!" "እኛስ?" "የጭልሞ ልጆች እጃችሁን ታጠቡ እንጂ!" ቅድም ለመውጣት የተንጋጉት ሁሉ አሁን ትራሷን ለመንካት ተራ ተሻሙ፤ በመስኮት የተንጠለጠሉት እጃቸውን ዘረጉ። የተፈራው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ያለ ሐፍረት ይመላለስ ጀመር።

ትራሷ ዞራ ዞራ ከብርቅነሽ ጠረጴዛ ላይ አረፈች።

ብርቅነሽ እጇን ዘረጋች። አልፈለገቻትም፤ ጣቷ ቀጥ ብሎ ሽምብራዋ ላይ አረፈ።

"ወይ ፍጥነት!" አለች ለንሳ፤ "እንዴት እንዲህ ወዲያው አገኘሻት?"

ብርቅነሽ ኤቢሴን አየቻት፤ ሸጥሽኝ ወይ በሚል ዓይን። ኤቢሴ ዓይኗን አልሰበረችም፤ ራሷን ብቻ በቀስታ ነቀነቀች፤ አይደለም። በመካከላቸው አይደለም ማለት አይደለም ነበርና ብርቅነሽ አመነቻት።

"ሲስተር፣ ካላመመችስ?" ብላ ጠየቀች።

"ስታንስ አታምም። አለማመሟ የጤና ምልክት አይደለም። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው ካንሰር ሆኖ አይገኝም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ምርመራ ብቻ ነው። ካንሰር ቢሆንም እንኳ በትንሽነቱ ከተደረሰበት ሴቲቱ ልትድን ትችላለች። የሚገድለው ቆይ ነገ ማለት ነው።"

ብርቅነሽ ብዕሯን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያም ተነሥታ ወደ ኃላፊዋ ዞረች።

"ኦቦ ሙለታ፣ ለቃለ ጉባኤው አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። ለዚህ ምርመራና ሕክምና የሄደች ሠራተኛ ከምደባው ትወድቃለች ወይስ አትወድቅም?"

ኦቦ ሙለታ መሐረባቸውን አወጡ። "ይህ እንግዲህ... መመሪያው እንደሚያዝዘው... ከበላይ አካል ጋር ተነጋግረን..."

"እኔ የምጽፈው አንድ ቃል ነው። ትወድቃለች ወይስ አትወድቅም?"

"ይመለስ!" አሉ ኦቦ ጂራ ከበሩ። "ይመለስ! ይመለስ!" ብለው የጭልሞዎቹ በቦቲያቸው ወለሉን ደበደቡት።

ዓይነ አፋሩ ሰው ቀና አሉ። ምናልባት ማስታወቂያው ላይ አንዲት ቃል መጻፍ አቅቷቸው የነበረው ሰው እርሳቸው ራሳቸው ነበሩና ቁጭት ያዛቸው። "አትወድቅም!" አሉ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። "ምዘናው ቀድሞ ተሠርቷል፤ ነጥቧ ነጥቧ ነው። አልጋ ላይ ብትሆንም በፋይሏ ትመደባለች። ጻፊው!"

ብርቅነሽ ጻፈች፤ ጮክ ብላም አነበበች፤ ወረቀቱንም ፊታቸው አኖረች። "ይፈርሙልኝ።"

"አሁን? ቃለ ጉባኤ ነገ በንጹሕ ተገልብጦ አይደል የሚፈረመው?"

"አሁን።"

ፈረሙ። "ማኅተምስ?" አለች ብርቅነሽ።

ማኅተም ያዧ ኤቢሴ ናት። ኦቦ ጂራ በሩን ሲከፍቱላት ያን ጊዜ ግን በእውነት ሮጠች! ግቢውን በአንድ ትንፋሽ አቋርጣ፣ የመዝገብ ቤቱን መሳቢያ ፈልቅቃ፣ ማኅተሙን በቀኝ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ በግራ ይዛ፣ ነጠላዋ ከኋላዋ እየተውለበለበ ተመለሰች። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ድምፁ በጸጥታው ውስጥ ተሰማ።

ብርቅነሽ ወረቀቱን አጥፋ በእጇ ያዘች። "እንግዲህ ሴቲቱ እኔ ነኝ" አለች። "ከመስቀል ጀምሮ ሽምብራዋ እኔ ዘንድ ናት።"

ቀድሞ የተናገረው ተሬፋ ነው። "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ብርቄ? አይሱዙው ደጅ ቆሟል እኮ!"

እንደ ግድብ ውኃ ተነሡ። ሲስተር ለንሳንና ብርቅነሽን ከሹፌሩ ጎን አስቀምጠው፣ ኤቢሴና ሌሎች አሥራ አንድ ሴቶች፣ "እኔም ልታይ፤ እኔም ጥርጣሬ አለኝ" ያሉት ሁሉ፣ ከኋላ ተጫኑ። የጭልሞ ልጆች እየደገፉ አወጧቸው። አይሱዙው ጡሩንባውን እየነፋ በአምቦ ዋና መንገድ ወደ ሆስፒታሉ ሲወርድ፣ መንገደኛው ሠርግ መስሎት እልል አለ፤ ሴቶቹም ከላይ ሆነው እልልታውን መለሱ።

የአሥራ አንዱ ሴቶች ነገር በደኅና አለቀ። ብርቅነሽ ግን ወደ አዲስ አበባ ተላከች። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። ባሏ ዘገየ ከልጆቹ ጋር አምቦ ሲቀር፣ ኤቢሴ የዓመት ፈቃዷን ሙሉ በሙሉ ወስዳ ከባልንጀራዋ ጋር ሄደች። ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በአራተኛው ቀን ሐኪሙ ወደ አልጋዋ መጥቶ፣ በትንሽነቱ ተደርሶበታል፤ ከቦታው ወጥቶ ወደ ሌላ አካል አልተዛመተም፤ የሚቀር መድኃኒት አለ፤ ተስፋዋ ግን ታላቅ ነው አላት። ብርቅነሽ ግራ ጎኗን በፋሻ እንደ ተጠቀለለች፣ "አመሰግናለሁ ጌታዬ" ብላ እንደ ደብዳቤ መዝጊያ ባለ ሥርዓት መለሰች። ሐኪሙ ሲወጣ ግን ኤቢሴን በደኅናው ክንዷ ሳበቻትና ሁለቱም ሣቅና ልቅሶ ባልተለየበት ድምፅ ተቃቀፉ።

ኤቢሴ ሞባይሏን አውጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወለች። የጸሐፊዋ ወንበር ባዶ ነበርና ያነሡት ማንም ያላዘዛቸው ኦቦ ጂራ ናቸው።

"ሄሎ! አዴ ኤቢሴ! ዝርዝሩ ዛሬ ጠዋት ተለጠፈ! ብርቅነሽ አለችበት፤ በገዛ መደቧ! ኦቦ ሙለታ ቃለ ጉባኤውን ይዘው ከኮሚቴው ጋር ሲሟገቱ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር! እርሷስ? እርሷን ንገሪኝ!"

"በጊዜ ደርሰናል ኦቦ ጂራ! አልተዛመተም!"

ሽማግሌው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥለውት ወደ ግቢው ወጥተው ነበር፤ "በጊዜ ደርሰዋል! አልተዛመተም!" የሚለው ጩኸታቸው ከሩቅ ተሰማ። ከዚያ የመስኮቶች መከፈት፣ የወንበሮች መንጓጓት፣ የሴቶቹ እልልታ፣ የመኪና ጡሩንባ፣ "ጋሪዳ! ጋሪዳ! መልካም ነው!" የሚል የወንዶች ድምፅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ ሥራ የለም እያለ የሚያውጅ የተሬፋ ጉሮሮ።

ኤቢሴ ስልኩን ከብርቅነሽ ጆሮ ላይ አኖረችው። ብርቅነሽ ዓይኖቿን ጨፍና ያን ሁሉ ሁካታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ እንባዋም በጉንጮቿ ወረደ።

"ይህ ሁሉ ሰው" አለች በመጨረሻ፣ "ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል እኮ! በያ ሥራቸውን ይሥሩ በያቸው!"